ቀመሩ ውስጥ 0.5772156649 የሚል ቁጥር አገኘሁ፤ ከየት መጣ?

ማሂ_ኮድ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውሮችን የሚለይ ሲስተም እየሠራሁ ነው። የምጠቀመው አይሶሌሽን ፎረስት የሚባለውን ዘዴ ነው። ለማታውቁት፦ ዳታውን በዘፈቀደ እየቆራረጠ ዛፍ ይሠራል። ከሌላው ለየት ያለ ነገር በጥቂት ቁርጥ ለብቻው ይቀራል። ስለዚህ ከሥሩ እስከ እሱ ያለው መንገድ አጭር ይሆናል። መንገዱ ያጠረ ሁሉ ይጠረጠራል ማለት ነው።

ሰርቨራችን ላይ ፓይተን መጫን አይቻልም (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ)። በጃቫ ራሴ ጻፍኩት። ቀመሩን የወሰድኩት ሊዩ፣ ቲንግ እና ዡ በ2008 ካወጡት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። አማካይ የመንገድ ርዝመት እንዲህ ይላል፦

2 × (ሎግ(ነ − 1) + 0.5772156649) − 2 × (ነ − 1) ÷ ነ

‘ነ’ የናሙናው ብዛት ነው። ሎጉ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይቺ 0.577 ምንድን ናት? ኮዴን የገመገመው ልጅ “ማጂክ ነምበር (ከየት እንደመጣ ሳይገለጽ ኮድ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር) አታስገቢ” ብሎ መለሰብኝ፤ እኔም የምመልስለት አጣሁ። ሁለተኛ፣ የእኔ ውጤት ይህንኑ ዘዴ ከያዘው የፓይተን ላይብረሪ ከሳይኪት ለርን ውጤት ይለያል። ራንደም ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ግን ቁርጥ ያንኑ ዛፍ ሰጥቼው እንኳን ይለያል።

ዛፍ_ላይ_ዛፍ · ከምሽቱ 2፡52

በ09 ቢጀምር ኖሮ እደውልለት ነበር 😂

ቡና_በጨው · ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ፎርሙላ ነው። ገልብጠሽ እለፊ። እኔ አስር ዓመት ስሠራ አንድም ቀን “ሎጉ ፊት ያለው ቁጥር ስንት ነው” ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። ሎጋሪዝም ከሆነ ፈጣን ነው፣ በቃ።

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከምሽቱ 4፡10

ልጄ ማሂ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡና በጨው ደግሞ ልክ አይደለህም፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሯ። 1 + ½ + ⅓ + ¼ እያልሽ ደምሪ። ይህ ሃርሞኒክ ድምር ይባላል። ማለቂያ የለውም፤ ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ልክ እንደ ተፈጥሮ ሎጋሪዝም። ሎጋሪዝሙ ለስላሳ ዳገት ነው፣ ድምሩ ደግሞ በዚያው ዳገት ላይ የተሠራ ደረጃ። በደረጃውና በዳገቱ መካከል የሚተርፍ ክፍተት አለ። ርቀሽ በሄድሽ ቁጥር ክፍተቱ ወደ 0.5772156649… ይጠጋል። ኦይለር በ1734 ያቀረበው ቁጥር ነው፤ ጋማ ብለን እንጠራዋለን። ጣሊያናዊው ማስኬሮኒ በ1790 እስከ 32 አሃዝ አስልቶ አወጣው፤ ትክክል የነበሩት ግን የመጀመሪያዎቹ 19 ብቻ ናቸው። በስህተቱም ቢሆን ስሙ እስከ ዛሬ ከኦይለር ጋር ተጣብቆ ይጠራል። ጋማ በክፍልፋይ ይጻፍ አይጻፍ እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም።

አሁን ከዛፍ ጋር ምን አገናኘው? ተራ ባይናሪ የፍለጋ ዛፍ ውሰጂ፦ የሚያንስ ወደ ግራ፣ የሚበልጥ ወደ ቀኝ። ከ1 እስከ ሚሊዮን ያሉ ቁልፎች (ዛፉ ውስጥ የምናስቀምጣቸው ቁጥሮች) በተደበላለቀ ተራ ይገባሉ እንበል። 40ን ስንፈልግ 43ን በመንገዳችን ላይ የምናገኘው መቼ ነው? 43 ከ40፣ ከ41ና ከ42 ቀድሞ የገባ እንደሆነ ብቻ ነው። 41 ወይም 42 ከቀደመ፣ 40 በግራ 43 በቀኝ ይሄዱና ይለያያሉ። ከአራት ቁልፎች አንደኛ ሆኖ የመግባት ዕድል ሩብ ነው። ለ44 አንድ አምስተኛ፣ ለ45 አንድ ስድስተኛ። ወደ ቀኝ ያሉትን ሁሉ ስትደምሪ ½ + ⅓ + ¼ + … ይመጣል። ወደ ግራም እንደዚያው። ቀመርሽ ውስጥ ያለችው 2 ከዚህ ነው የመጣችው፤ ግራና ቀኝ ናት።

ስለዚህ በዘፈቀደ የገባ ዛፍ ውስጥ አማካዩ ጥልቀት የቁልፎቹ ብዛት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በ2 መሠረት ባለው ሎጋሪዝም ካሰብሽው 1.386 እጥፍ ይሆናል። ለሚሊዮን ቁልፍ ፍጹም ሚዛኑን የጠበቀ ዛፍ በአማካይ 19 ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። በዘፈቀደ የተሠራው 25.8 ገደማ። ማንም ሚዛን ሳይጠብቅለት ይህን ያህል መቅረቡ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ማሂ_ኮድ · ከምሽቱ 4፡31

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ግራና ቀኝ መሆኗን ማን ይነግረኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስንማር “ኦ ኦፍ ሎግ” ብለው ነው ያለፉን።

ዛፍ_ላይ_ዛፍ · ከምሽቱ 4፡48

አማካዩ ገባኝ ጋሼ። የኮዲንግ ውድድር ላይ ግን የሚገድለን አማካዩ አይደለም፣ ጥልቁ ቅርንጫፍ ነው። ሪከርሽኑ (ራሱን እየጠራ ዛፉን የሚወርደው ኮድ) ስታኩን፣ ማለትም የተመደበለትን ሜሞሪ፣ ያፈነዳዋል። የዛፉ ቁመት ስንት ይሆናል?

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከምሽቱ 5፡20

እዚህ ጋ ሌላ ቁጥር ይመጣል፦ 4.31107።

ታሪኩ ያምራል። ሮብሰን በ1979 ቁመቱ ከተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 4.311 እጥፍ እንደማያልፍ አሳየ። ፒተል በ1984 ቁመቱን ለሎጋሪዝሙ ብናካፍለው ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር እንደሚጠጋ አረጋገጠ። ቁጥሩ ራሱ 4.311 መሆኑን የዘጋው ሞንትሪያል ያለው የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ሉክ ዴቭሮይ ነው፣ በ1986። ቁጥሩን ‘ቸ’ ብንለው የሚፈታው ይህን ነው፦

ቸ × ሎግ(2ኢ ÷ ቸ) = 1

ኢ ያው 2.71828 ነው። 4.311ን አስገብታችሁ ሞክሩት። ደስ የሚለው ግን እኩልታው ሁለት መልስ አለው። ሁለተኛው 0.3733 ነው። እሱ ደግሞ የዛፉን ቅርቡን ባዶ ቦታ ይነግረናል፤ ከሥሩ ስንወርድ ደረጃዎቹ ሳይሸራረፉ የሚሞሉት እስከዚያ ነው። አንድ እኩልታ ጥልቁንም ጥልቅ ያልሆነውንም ሰጠን።

ለሚሊዮን ቁልፍ፦ ቅርቡ 5 አካባቢ፣ አማካዩ ሥሩን ሳንቆጥር 25 ገደማ። ለሩቁ 4.311 ብቻውን ወደ 60 ይሰጣል። ብሩስ ሪድ በ2003 ያረጋገጠው ማስተካከያ አለ፤ የሎጋሪዝሙን ሎጋሪዝም በ1.953 አባዝቶ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ወደ 54 ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የብዛቱ ማደግ የማይለውጠው ትንሽ ልዩነት ብቻ ይቀራል። ስታክህ አይፈነዳም።

ቡና_በጨው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጋሼ፣ እውቀትዎን አከብራለሁ። ግን ይህ ሁሉ ቁልፉ “በዘፈቀደ ሲገባ” ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ደረሰኝ ነው። 10001፣ 10002፣ 10003። ያ ዛፍ አይሆንም፣ ገመድ ነው የሚሆነው። 4.311ዎ ገመድ ላይ ምን ይሠራል?

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከጠዋቱ 3፡02

ትክክል ብለሃል፣ ይህን ተቃውሞ እየጠበቅሁት ነበር። ምንም አይሠራም። ሚሊዮን ደረሰኝ በተራ ከገባ አማካዩ ፍለጋ ግማሽ ሚሊዮን እርምጃ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ከሥሩ ያለው ግምት እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው። “ሎጋሪዝም ከሆነ በቃ” ያልከው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። ሎጋሪዝም የሆነው በምን ግምት ነው? ፊቱ ያለው ቁጥር ይህን ይነግርሃል። 1.386 ካየህ አንድ ሰው የቁልፎቹን ተራ በዘፈቀደ ነው ብሎ ወስዷል።

ገመዱን ለሚፈራ ግን ሶቪየቶቹ አዴልሰን-ቬልስኪና ላንዲስ በ1962 መላ አምጥተዋል። በእያንዳንዱ ኖድ (ቁልፍ የተቀመጠበት የዛፉ መጋጠሚያ) ግራና ቀኙ ቁመታቸው ከአንድ በላይ እንዳይለያይ ያደርጋሉ። ኤቪኤል ዛፍ የሚባለው ከስማቸው ነው። የሱም ቁጥር አለው፦ 1.4404። የባሰ የተዛባውን ኤቪኤል ዛፍ ልሥራ ብትል አንዱን ጎን የባሰ የተዛባ፣ ሌላውን ጎን በአንድ የሚያጥር የተዛባ ታደርጋለህ፣ ላያቸው ላይ ሥር ትተክላለህ። ስለዚህ የኖዶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 12፣ 20፣ 33 እያለ ይሄዳል፤ የቀደሙት ሁለቱ ድምርና አንድ። ፊቦናቺን አላየኸውም? ወርቃማው ምጣኔ 1.618 የሚገባው በዚህ በር ነው። የ1.618ን ሎጋሪዝም በ2 መሠረት ወስደህ አንድን ብታካፍልበት 1.4404 ታገኛለህ። ለሚሊዮን ቁልፍ ቁመቱ ከ28 አያልፍም፣ ደረሰኙ በፈለገው ተራ ይምጣ።

ዛፍ_ላይ_ዛፍ · ከጠዋቱ 3፡10

ማለትም 1.386 የዕድል ነው፣ 1.4404 ደግሞ የዋስትና። ሁለቱ መቀራረባቸው አሳስቶኝ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ቡና_በጨው · ከጠዋቱ 3፡14

እሺ፣ ይቺን ወሰድኳት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡45

ከሥራ ገብቼ ነው ያየሁት። እኔ የዳታቤዝ ሰው ነኝ፤ ስለ ባይናሪ ዛፍ ብዙም አልጨነቅም። የእኔ ዛፍ ቢ-ትሪ ነው፣ ባየርና ማክሬይት ቦይንግ ውስጥ ሆነው የፈጠሩት፤ ጽሑፉ በ1972 ነው የታተመው። የእኔ ቁጥር ደግሞ 0.693 ነው፤ የ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም። ይህ ቁጥር አንዴ ጉድ ሠርቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢ-ትሪ ብዙ ቁልፎችን በአንድ ፔጅ አጭቆ ይይዛል፤ ፔጁ ሲሞላ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ግማሽ ሆነው ይጀምራሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ይሞላሉ፣ እንደገና ይከፈላሉ። በአንድ ቅጽበት ዳታቤዙን ብታቆሙት አንዱ ፔጅ 55 በመቶ፣ ሌላው 90 በመቶ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ቁልፎቹ በዘፈቀደ ከገቡ አማካዩ 69.3 በመቶ ነው። አንድሪው ያኦ በ1978 ይህን በሒሳብ አሳይቷል። ሰዎች አማካዩን 75 በመቶ ይገምታሉ፤ ግማሽና ሙሉ መካከል ነውና። ግን ፔጅ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ቁልፍም ይበዛል፤ ስለዚህ ሙሉ ሊሆን ሲል ቶሎ ይከፈላል። ግማሽ የሆነው ነው ብዙ ጊዜ የሚቆየው።

የእኔ ጉድ፦ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ቁልፉን ከተራ ቁጥር ወደ ራንደም መለያ ቀየርን። ዲስኩን ያሰላሁት በድሮው መጠን ነበር። 1ን ለ0.693 ብታካፍሉ 1.44 ይመጣል። ፔጆቹ ጢም ብለው ሞልተው 100 ጊጋባይት የነበረ ኢንዴክስ 144 ይፈልጋል ማለት ነው። ዲስኩ ቅዳሜ ሌሊት ሞላ፤ እኔ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራዋ ጭፈራ ላይ እኔ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ይዤ።

ለቡና በጨው ደግሞ፦ ደረሰኝህ በተራ መምጣቱ እዚህ ይጠቅምሃል። ማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ ውስጥ በተራ የገቡ ቁልፎች ፔጁን 15/16 ድረስ ይሞሉታል። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስም የቢ-ትሪ ቅጠሎችን (የዛፉን የመጨረሻ ፔጆች) መጀመሪያ ላይ 90 በመቶ ነው የሚሞላው። ባይናሪ ዛፍን የሚገድለው ቅደም ተከተል ቢ-ትሪን ያወፍረዋል።

ማሂ_ኮድ · ከምሽቱ 6፡01

የሠርጉ ነገር 😭 ግን አንድ ጥያቄ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ማስገባት ነው። ስንሰርዝስ? በዘፈቀደ ብንሰርዝ ዛፉ ያው በዘፈቀደ የተሠራ አይሆንም?

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ማሂ፣ ሊቃውንቱም ለዓመታት እንዳንቺ ነበር ያሰቡት። ሂባርድ በ1962 የመሰረዣ ዘዴ አወጣ፦ የተሰረዘውን ቁልፍ በሚቀጥለው ትልቅ ቁልፍ መተካት። አንድ በዘፈቀደ ብትሰርዢ የሚቀረው ዛፍ በዘፈቀደ የተሠራ እንደሚመስልም አረጋገጠ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ኖት በ1975 እንዳላለቀ አሳየ። ከሰረዝሽ በኋላ አዲስ ብታስገቢ ይበላሻል፤ ቅርጹ ደህና ቢመስልም በውስጡ ያሉት እሴቶች ከቅርጹ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተዛብቷል። ክኑዝና ዮናሰን በ1978 ሦስት ቁልፍ ብቻ ያለውን ዛፍ ሊተነትኑ ተነሥተው ቤሰል ፈንክሽን የሚባል ከባድ ሒሳብ ውስጥ ነው የገቡት። ሦስት ቁልፍ!

ይህ “በዘፈቀደ” የምትለዋን ቃል እንድንመረምር ያስገድደናል። ሦስት ቁልፍ ይዘሽ ሞክሪ። የሚገቡበት ተራ 6 ዓይነት ነው። የዛፉ ቅርጽ ግን 5 ብቻ ነው። ሚዛኑን የጠበቀው ቅርጽ ከሁለት ተራ ይወለዳል፤ ሌሎቹ አራቱ ከአንድ አንድ። ስለዚህ ተራው በዘፈቀደ ሲሆን ዛፉ ወደ ሚዛን ያደላል። 4.311 የዚህ አድልዎ ልጅ ናት።

አሁን ግን አድልዎውን አንሺው። ሁሉም ቅርጽ እኩል ዕድል ይኑረው። ያን ጊዜ ቁመቱ ሎጋሪዝም መሆኑ ይቀራል! ፍላዦሌና ኦድሊዝኮ በ1982 እንዳሳዩት 2√(ፓይ × ነ) ይሆናል። ለሚሊዮን ኖድ 3545 ገደማ። በአንዱ “በዘፈቀደ” 54፣ በሌላው “በዘፈቀደ” 3545። ፓይ ደግሞ ክብ በሌለበት ሰተት ብሎ ገብቷል።

ዛፍ_ላይ_ዛፍ · ከጠዋቱ 2፡05

ጋሼ ጠዋት ጠዋት አያስደነግጡን!

እኔም የማውቃትን አንዲት ልጨምር። ትራይ የሚባለው ዛፍ አለ፤ ቁልፉን ቢት በቢት እያነበበ የሚወርድ። ቁልፎቹ ራንደም ቢት ከሆኑ የውስጥ ኖዶቹ ብዛት የቁልፎቹ 1.4427 እጥፍ ነው፤ ማለትም 1 ሲካፈል ለ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም፣ ያው የሲልቨር ስፕሪንግ 1.44። ግን ቁጥሩ አይረጋም። ብዛቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፣ ለዘላለም። መወዛወዙ ከአንድ ሚሊዮን ሁለት እጅ እንኳን አይሞላም። ኮምፒውተር ላይ ሞክረህ “አሃ፣ ኮንስታንት ነው” ብትል ማንም አይፈርድብህም፣ ግን ተሸውደሃል።

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከጠዋቱ 2፡40

ጎበዝ። አሁን ወደ ማሂ ሁለተኛ ጥያቄ፣ ረስተነዋል። ልጄ፣ ቀመርሽን ላቃልልልሽ። ሎጉና ጋማው እስከ ‘ነ − 1’ ያለው የሃርሞኒክ ድምር ግምት ናቸው። ግምቱን አንሺና እውነተኛውን ድምር አስገቢ። ቀመሩ ተጣጥፎ “የእስከ ‘ነ’ ድምር ሲባዛ በ2፣ ሲቀነስ 2” ይሆናል። ይህ በባይናሪ የፍለጋ ዛፍ ውስጥ የሌለ ቁልፍ ሲፈለግ ያለው አማካይ መንገድ ነው፤ ባዶ ቦታዎቹ ‘ነ’ ሲሆኑ። የዘዴው ባለቤቶች ከዚያ ነው የተዋሱት። በነገራችን ላይ አይሶሌሽን ፎረስት የሚቆርጠው በትንሹና በትልቁ እሴት መካከል ስለሆነ ከተደበላለቀ ተራ ጋር አንድ አይደለም። እንደ መለኪያ ዘንግ ነው የተዋሱት፤ አያስከፋም።

አሁን ቀመርሽን ‘ነ’ 2 ሲሆን አስይው።

ማሂ_ኮድ · ከጠዋቱ 2፡58

ሎግ 1 ዜሮ ነው… 2 × 0.5772 − 1… 0.154 ይመጣል።

ቆይ። ሁለት ነገር ለመለየት አንድ ቁርጥ ይበቃል። 1 መሆን ነበረበት!

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከጠዋቱ 3፡01

ቀጥዪ።

ማሂ_ኮድ · ከጠዋቱ 3፡40

የሳይኪት ለርንን ኮድ ከፍቼ አየሁት። 2 ሲሆን 1 በል ተብሎ ለብቻው ተጽፏል። የ2008ቱ ጽሑፍ ላይ ይህ ስለሌለ እኔም አልጻፍኩትም። ቅጠሎቼ ደግሞ ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ነጥብ ይዘው ነው የቀሩት፤ ናሙናው 256 ስለሆነ ዛፉ 8 ደረጃ ላይ ይቆማል፤ ያልተቆረጠውን ቀሪ መንገድ የሚሞላው ቀመሩ ነው።

በእጄ አሰላሁት። በ8ኛው ደረጃ ሁለት ሆኖ የቀረ ነጥብ መንገዱ 9 መሆን ሲገባው እኔ ጋ 8.154 ነው። ሁሉም ዛፍ ላይ እንዲህ ቢሆን የጥርጣሬ ውጤቱ ከ0.544 ወደ 0.576 ይወጣል። ምንም ያላደረገውን ደንበኛ ትንሽ ትንሽ እየጠረጠርኩት ነበር።

ለ256 ግምቱ 10.2448 ነው፣ እውነተኛው ድምር 10.2487። እሱ ችግር የለውም። ለ3 ግን 1.207 ይላል፣ እውነቱ 1.667 ነው። ይቺን ላይብረሪውም አላስተካከላትም። ጋማ ለትልቅ ቁጥር የተሠራች ናት፤ እኛ ቅጠል ላይ ነው የተጠቀምንባት።

ቡና_በጨው · ከጠዋቱ 3፡52

“ገልብጠሽ እለፊ” ያልኩት ይነሣልኝ።

ማሂ_ኮድ · ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡15

ሎጉንም ጋማውንም አወጣሁ። ናሙናው ከ256 ስለማይበልጥ እውነተኛውን ድምር በሰንጠረዥ አስቀመጥኩት፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ አንዴ ይሰላል፣ ያበቃል። ከላይብረሪው ጋር የቀረው ልዩነት ከየት እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ኮዱን ለዚያው ልጅ መልሼ ላክሁለት።

መልሱ አሁን መጣ፦ “ጥሩ። ግን 256ስ ማጂክ ነምበር አይደለም ወይ?”

ጋሽ_ሎጋሪዝም · ከቀኑ 9፡33

ለሱ ሌላ ክር ክፈቺ።